ከፊት የሚሮጥ ጥገኛ

ፌኔት ጉደታ ከስፔን የሩጫ ክለብ ውል የመጣላት ዕለት በነቀምቴው ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ያልተደሰተ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ባሏ ነው። ነገሩን ማለባበስ ምንም አይጠቅምም፤ ተካ ቀንቶ ነበር። ጎረቤት በየተራ እየመጣ «እንኳን ደስ ያለህ» ሲለው ጥርሱን ብልጭ ያደርጋል፣ «እንኳን አብሮ ደስ ያለን» ይላል፣ ሰውየው ዞር ሲልለት ግን ፊቱ ወዲያው ይጠቁራል።

ለምን ቀና? በሌላ ሙያ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ተካም ሯጭ ነው። ያውም ከሷ የሚፈጥን ሯጭ። ግማሽ ማራቶን በአንድ ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ይጨርሳል፤ እሷ ደግሞ በአንድ ሰዓት ከዐሥር። አብረው ቢነሡ እሱ ገብቶ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ጫማውን ፈትቶ ይቀበላታል። ግን በዚህ አገር አንድ ሰዓት ከሦስት የሚሮጥ ወንድ ሞልቷል፤ ማናጀሮቹ ስልኩን እንኳ አያነሡለትም። አንድ ሰዓት ከዐሥር የምትሮጥ ሴት ስትገኝ ግን ራሳቸው ይደውላሉ። ተካ ይህን ሒሳብ ካወቀው ቆይቷል፤ ማወቁ ግን አላቀለለትም፣ እንዲያውም አንገበገበው።

ደግሞ ሯጭ ያደረጋት ማን ሆነና! ተካ የኪራሙ ልጅ ነው፤ አያቶቹ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ነበሩ። ኪራሙ ሰላም ባጣ ጊዜ ቤተሰቡ ሲበታተን እሱ ነቀምቴ ገባ፤ ከቤቱ ያወጣው ንብረት ቢኖር አንድ ጥንድ የሩጫ ጫማ ነው። ከነቀምቴ ወደ ኡኬ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ልምምድ ሲሠራ ነው ፌኔትን ያያት። ያኔ የኡኬ ትምህርት ቤት ተወዳዳሪ ነበረች፤ እግር እንጂ አሯሯጥ አልነበራትም። አራት ዓመት ሙሉ ከፊቷ እየሮጠ ፍጥነት መጠበቅን አስተማራት። ይህን ሥራ የሚሠራውን ሰው በእኛ አገር አሯሯጭ ይሉታል። ከፊት ሆኖ ነፋሱን ይቀበላል፣ ሰዓቱን ይጠብቃል፣ መጨረሻው ሲቃረብ ወደ ዳር ይወጣል፤ ፎቶ ላይ አይገባም። በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ተጋቡ። ከተጋቡ ወዲህ ደግሞ የባጃጅ ሾፌሮቹ ሳይቀሩ ተካ የሚለውን ስም ረሱት፤ «የፌኔት ባል! ግባ፣ ላድርስህ!» ይሉታል። እሱም አንድም ቀን አልገባላቸውም፤ በእግሩ ይሄዳል።

ሰኞ ዕለት ባልና ሚስት የቪዛ ፎርም ሊያስሞሉ ቂርቆስ ዘንድ ሄዱ። ቂርቆስ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቱትን የጨርቅ ሱቅ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ፎቶ ኮፒ ቤት ያደረገ ሰው ነው። በሩ ላይ «ማንኛውንም ፎርም እንሞላለን» የሚል ጽሑፍ ለጥፏል፤ እውነትም ይሞላል። በነቀምቴ ወደ ውጭ የሄደ ሰው ሁሉ በቂርቆስ ጣት ያለፈ ነው፤ እሱ ራሱ ግን ከአዲስ አበባ አልፎ አያውቅም።

«ፌኔት! አካም ጂርታ! ነይ፣ እዚህ ቁጭ በይ» አለና ባለ መደገፊያውን ወንበር ጠረገላት። «ተካ፣ አንተ ከዚያች በርጩማ ላይ።»

ተካ በርጩማዋን አየና ቆመ። ከኋላቸው ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወረቀት ይዘው ተራ ይጠብቃሉ።

ቂርቆስ የፓስፖርቷን ገጽ እያየ መጻፍ ጀመረ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሙያ፣ አትሌት። ቀጣሪ፣ ክለቡ። የውል ዘመን፣ ሁለት ዓመት። የጋብቻ ሁኔታ፣ ያገባች። እንዲህ እያለ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ ሄደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«እህ። ከአመልካቿ ጋር የሚሄድ ጥገኛ አለ ወይ ይላል። ተካ፣ አንተ የምትገባው እዚህ ጋ ነው።»

«የት ጋ?»

«ጥገኛ ላይ።»

የመጣው ነገር ሁሉ የመጣው እንግዲህ በዚህች ቃል ነው። ፌኔት አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ የለመደችው ከትምህርት ቤትና ከባሏ ነው። ጥገኛ የምትለዋን ቃል በዕድሜዋ የሰማችው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ኡኬ መጥተው የአባቷን በጎች መድኃኒት ሲያጠጡ። ስለዚህ ከልቧ፣ ምንም ተንኮል ሳታስብ ጠየቀች።

«ጥገኛ? ያ በግ ሆድ ውስጥ ያለው?»

ተማሪዎቹ በሣቅ ፈነዱ። ቂርቆስ ሣቁን ሊውጥ ታገለ፤ አልቻለም፣ በአፍንጫው ወጣ። ፌኔትም ሰዎቹ ሲሥቁ አይታ ያለችው ነገር ገባትና አፏን በነጠላዋ ይዛ ሣቀች። ተካ ተማሪዎቹን ይቅር ይል ነበር፤ ቂርቆስንም እንደዚያው። የሷ ሣቅ ግን ገብቶ ልቡ ላይ ተቀመጠ።

«ምን አልክ አንተ?» አለ ቂርቆስን።

«ኧረ እኔ አላልኩም፤ ፎርሙ ነው ያለው። በሷ ሥር የምትሄድ፣ በሷ የምትተዳደር ማለት ነው እንጂ ስድብ አይደለም። ካልወደድከው ‹ተከታይ› ልበለው?»

«ተከታይ? እኔ እኮ ከፊት ነው የምሮጠው!»

ተማሪዎቹ እንደገና ሣቁ። ተካ ደሙ ፈላ። ራሱን እንደ ትል ሆኖ በሚስቱ ሆድ ውስጥ ተጠቅልሎ አየው፤ ስፔን ድረስ፣ አውሮፕላን ላይ፣ ክለቡ በር ላይ። ሰዎቹ «ይሄ ማነው?» ሲሉ እሷ «ጥገኛዬ ነው» ስትል ሰማት።

«አሰልጣኝ ብለህ ጻፈኝ» አለ።

ቂርቆስ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሣ። ሣቁ ሁሉ ጠፍቶ ረጋ ብሎ ማስረዳት ጀመረ። «ስማኝ ወንድሜ። ሁለት መንገድ አለህ። በባልነት ከሄድክ የሚጠየቀው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። ከማዘጋጃ ቤት ታወጡታላችሁ፣ ይተረጎማል፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ማኅተም ይመታበታል፤ ከሷ ፋይል ጋር ይሄዳል። በአሰልጣኝነት ከሆነ ግን ራሱን የቻለ ፋይል ነው። ክለቡ አሰልጣኝ ብሎ ይፈልግህ፣ የአሰልጣኝነት ፈቃድህን አሳይ፣ የት የት እንደሠራህ…»

«አራት ዓመት እሷን አሠልጥኛለሁ!»

«አውቃለሁ። ማን ጽፎ ሰጠህ?»

ለተካ የጻፈለት የለም። እውነቱን ለመናገር ትዳራቸውንም የጻፈላቸው የለም። የዛሬ ሦስት ዓመት ኡኬ ላይ የአገር ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ አባቷ ኦቦ ጉደታ መርቀው፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ተጋቡ። ሰማንያም አልተፈራረሙ፣ ማዘጋጃ ቤትም አልሄዱ። ወረቀት ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ አገር ያየውን ጋብቻ ማን ይክዳል ብለው ነው።

«የጋብቻው ወረቀት ቀላል ነው» አለች ፌኔት፤ አባቷን በኦሮምኛ አባኮ ነው የምትላቸው። «አባኮ ሐሙስ ከኡኬ ይመጣል፤ ነግሬዋለሁ። ምስክሮች ይዞ ነው የሚመጣው። ግማሽ ቀን ብቻ ነው፣ ተካ።»

«ጥገኛ ለመባል ነው ግማሽ ቀን የምሰለፈው?»

«ቃል እኮ ነው። እኔ አማርኛው ጠፍቶኝ…»

«አንች ጠፍቶሽ ነው፤ እነሱ ግን አልጠፋቸውም» አለና ወደ ቂርቆስ ዞረ። «እሷ በአትሌትነት፣ እኔ በአሰልጣኝነት። ሁለት ሰው፣ ሁለት ፋይል።»

«ባል አላት ብዬ ጽፌ የጋብቻ ወረቀት ካላያያዝኩ እኮ ፋይሏ ይንጠለጠላል።»

«እንግዲያው ያላገባች በላት!»

ፌኔት ቀስ ብላ ከወንበሩ ተነሣች። ነገር ሲጠናባት ወደ ኦሮምኛዋ ትመለሳለች። «ዱጉማ?» አለችው፤ እውነትህን ነው ማለቷ ነው።

«ዱጉማ» አለ ተካ፤ ዓይኗን ሳያይ።

ቂርቆስ ያገባች የሚለውን አጥፍቶ ያላገባች ብሎ ጻፈ። ከዚያ ለብቻው የሚያወራ ይመስል «እስከ ዓርብ አልልከውም» አለ። «ሐሙስ ሐሳብ ከተቀየረ አንዲት ቃል ናት፤ እቀይራታለሁ።»

ሐሙስ እስኪደርስ ሁለት ቀን ነበረ። ሁለት ቀን ደግሞ ለቀና ሰው ብዙ ነው። ማክሰኞ አላነጋገራትም። ረቡዕ ጠዋት እንደ ወትሮው የኡኬን መንገድ ይዘው ልምምድ ወጡ፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ፕሮግራሙ ኪሎ ሜትሩን በሦስት ደቂቃ ከሃያ አምስት መሄድ ነበር። ተካ በሦስት ከዐሥር ነዳው።

«ተካ፣ ቀስ!» አለች ከኋላ።

እሱ አልሰማም አለ። እንዲያውም ጨመረ። ትንፋሿ ከኋላው እየራቀ ሲሄድ ይሰማዋል፤ በዚያም ደስ አለው። ይኸው፣ አትሌቷ! ያለ እኔ አንዲት ኪሎ ሜትር አትጠብቅም፤ ይቺን ነው ስፔን የሚወስዷት። ከመንገድ ዳር ቦቆሎ የሚጠብቁ ሰዎች «በርቺ ፌኔት!» እያሉ ይጮኻሉ። ከፊት ያለው እሱ ነው፣ የሚጠሩት ግን እሷን ነው። መታጠፊያው ላይ ደርሶ ቆሞ ሲጠብቃት፣ ጎኗን ይዛ እያነከሰች መጣች። ቤት ሲደርሱ «ነገ አባኮ ይመጣል» አለችና ልትታጠብ ገባች።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ብልጭ አለ። ተካ የሚስቱን ስልክ የሚፈትሽ ሰው አልነበረም፤ ያን ዕለት ግን ሆነ። መልእክቱ ውሉን ካመጣላት ማናጀር ከበርናባስ ነው። በርናባስ አዲስ አበባ የሚኖር፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚገባ፣ ነቀምቴ አንድ ጊዜ መጥቶ ጭቃ ጫማውን ስለነካው ቀኑን ሙሉ ያዘነ ሰው ነው። «ብቻሽን ከሆንሽ ይቀለኛል፤ ቶሎ እጨርስልሻለሁ። በርቺ እህቴ» ይላል።

ብቻሽን ከሆንሽ! ተካ ይህችን ሁለት ቃል ደጋግሞ አነበባት። ስለ ፋይል እንደሚያወራ ሊገባው ይገባ ነበር። እህቴ የምትለዋንም ዓይኑ ዘለላት። ቅናት እንዲህ ነው፤ የሚፈልገውን ብቻ ያነባል። ስልኩን እንደነበረ አስቀመጠና በሩ ላይ ወጥቶ ቆመ። አሁን ገባኝ፣ አለ በልቡ፤ ይህ ሁሉ የጋብቻ ወረቀት ወሬ ለማስመሰል ነው። እኔ እምቢ እንድል ነው የተጠበቀው።

ሐሙስ ገና ጎሕ ሳይቀድ ጫማውን አሥሮ ወጣ። የኡኬን መንገድ ትቶ በተቃራኒው የጊምቢን መንገድ ያዘ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሮጠ፣ በየመሃሉም መንገድ ዳር እየተቀመጠ ሰዓት ገደለ፤ ማንም ሳያዝዘው፣ ፕሮግራም ሳይኖረው። ሰዓቱን ባየ ቁጥር ማዘጋጃ ቤቱ ታየው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ አሁን ተከፍቷል። አራት ሰዓት፣ አሁን ተሰልፈዋል። አንድ ጊዜ ቆሞ ወደ ኋላ ዞሮ ነበር። ከነላቡ ባጃጅ ቢይዝ ይደርስ ነበር። ያቺን በርጩማ አስታወሰና ሩጫውን ቀጠለ።

ቤት ሲገባ ሰባት ሰዓት አልፏል። ኦቦ ጉደታ ለበዓል የሚለብሱትን ካፖርት ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ይዘዋቸው የመጡት ምስክሮች እስከ ምሳ ሰዓት ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ቆመው፣ ሰልችቷቸው፣ በሚኒባስ ወደ ኡኬ ተመልሰዋል።

«ያ ተካ» አሉ በኦሮምኛ ሲጠሩት፣ ሳይቆጡ። «ታመህ ነው ብለን ፈራን።»

«ልምምድ ነበረኝ፣ ኦቦ ጉደታ።»

እስከ ዛሬ አባ ነበር የሚላቸው። እንደ ባዕድ ሰው ኦቦ፣ ማለት አቶ፣ ሲላቸው ፌኔት ከጓዳ ቀና ብላ አየችው፤ ሽማግሌውም ሰምተውታል፣ ግን አለፉት።

«እኔ ልጄን ስሰጥህ ወረቀት አልጠየቅኩህም» አሉ። «ዛሬ የጠየቀን ሌላ ሰው ነው። ለሱ ብለህ ብትፈርም ምን ይጎድልብሃል?»

«ጥገኛ ነው የሚሉኝ።»

«እሱ ምንድነው?»

ፌኔት በኦሮምኛ አስረዳቻቸው። የበጉን ነገር አላነሣችም፤ ሚስቱ በምትሄድበት አብሯት የሚሄድ፣ በምትኖርበት የሚኖር ሰው ነው አለቻቸው።

ኦቦ ጉደታ ባርኔጣቸውን ሊያጠልቁ አንሥተው አየር ላይ ያዙት። «ታዲያ ባል ነዋ!» አሉ ተገርመው።

ተካ ፎጣውን አንሥቶ ወጣ። ዓርብ ጠዋት ቂርቆስ ስልክ ደውሎ «ልላከው ወይ?» ሲለው፣ «ላከው» አለ።

በርናባስ የማይረባ ሰው ነው ብሎ መፍረድ ለተካ ቀላል ነበር፤ ሰውየው ግን ለምኖ ለሱም ከክለቡ የአሰልጣኝ ግብዣ ደብዳቤ አመጣለት። ተካ አላመሰገነውም። በወሩ ባልና ሚስት አሻራ ሊሰጡ አዲስ አበባ ሄዱ፤ በአንድ አውቶቡስ፣ ጎን ለጎን፣ ሁለት ፋይል ይዘው። መስኮቱም ለየብቻ ነበር። ተካ ተራው ደርሶ ሲቀርብ ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ሴት ደብዳቤውን አይታ ጠየቀችው።

«ከዚህች አትሌት ጋር ምን ዝምድና አላችሁ?»

ፌኔት ከጎኑ ባለው መስኮት ጣቷን ማሽኑ ላይ አድርጋ ነበር። ትሰማለች።

«አሰልጣኟ ነኝ» አለ ተካ ጮክ ብሎ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አሁን አንድ ነገር መነገር አለበት፤ ተካ ለማንም ያልተናገረው ነው። በነዚያ ሳምንታት ለሷ ቪዛ እንዳይሰጣት ተመኘ። መመኘት ብቻ አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያልፍ ባርኔጣውን አውልቆ እንደማማተብ እያለ በልቡ ለመነ። ለሱ ተሰጥቶ ለሷ ሲከለከል ደግሞ እንዴት እንደሚያጽናናት አስቦ ጨርሷል። «አይዞሽ፣ እኔ ሄጄ አስመጣሻለሁ» ይላታል። እሷ ታለቅሳለች። እሱ ዕንባዋን ይጠርጋል። ፎርሙ ላይ ማን ጥገኛ እንደሚባል ያኔ እናያለን። ራሱን ጠላው፤ ግን መመኘቱን አልተወም።

የመጣው ሌላ ነው። ፓስፖርቶቹ የደረሱ ቀን ቂርቆስ ሱቅ ውስጥ ከፈቷቸው። በፌኔት ፓስፖርት ላይ ቪዛው ተለጥፏል፤ ፎቶዋ ሣቅ ብሎ። በተካ ውስጥ አንዲት ነጭ ወረቀት ነበረች። ቂርቆስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበለት፤ የአሰልጣኝነት ሙያውን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አልቀረበም ትላለች። ከውጭ ወሬውን የሰሙ ሴቶች ለፌኔት እልል አሉ። እሷ ግን አልሣቀችም፤ ተካን ነበር የምታየው። ተካ ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጥቶ ሄደ።

በረራው በዘጠነኛው ቀን ነበር። ዘጠኝ ቀን ማለት ሁለቱም አገር ውስጥ አሉ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ክፍት ነው፣ ኡኬ ቅርብ ነው ማለት ነው። ግማሽ ቀን ብቻ ነው የሚፈጀው። ተካ እሷ እንድትለምነው ጠበቀ። ብትለምነኝ እሺ እላለሁ፣ ግን አንድ ጊዜ ትለምነኝ፣ አለ። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛው ላይ ጉርድ ፎቶዎች ተደርድረው አገኘ፤ የሷና የሱ፣ ለጋብቻ ወረቀት ብላ ያኔ ያስነሣቻቸው። አስቀምጣቸው ልምምድ ወጣች። ተካ አያቸው። የሱ ፎቶ ከሷ አነስ ያለ መሰለውና ተናደደ፤ ሁለቱም እኩል ነበሩ። እንዳሉ ተዋቸው። በስድስተኛው ቀን ሲያይ ጠረጴዛው ባዶ ነው፤ ፎቶዎቹ የሉም። ለምና ጨርሳ እንደነበር የገባው ያኔ ነው። ቢገባውስ? አሁን ደግሞ እኔ ልለምናት ነው ወይ ብሎ ሦስቱን ቀን ፈጀ።

መናኸሪያው ላይ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ኦቦ ጉደታ መረቋት። አውቶቡሱ ሊነሣ ረዳቱ በሩን መምታት ሲጀምር ፌኔት ወደ ተካ መጣችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ነገ ማን ያሯሩጠኛል?» አለችው።

ይህች ጥያቄ ምን እንደነበረች የማይገባው ሰው የለም። ተካም ገብቶታል። ግን ያ ስልክ ላይ ያነበበው ነገር ከሆዱ ተነሥቶ ምላሱ ላይ ደረሰ።

«በርናባስ አለልሽ አይደል» አላት።

ፌኔት ሻንጣዋን አንሥታ ገባች። በመስኮት ሰው ሁሉ እጁን ሲያውለበልብላት እሷም አውለበለበች፤ ወደ ተካ በኩል ግን አላየችም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ተካ ብቻውን የኡኬን መንገድ ይዞ ወጣ። ሌላ ሥራ አያውቅም። እግሩ ሳያስበው በሷ ፍጥነት ሄደ፣ ኪሎ ሜትሩን በሦስት ደቂቃ ከሃያ አምስት። አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እንደ ልማዱ ደርሳ እንደሆነ ለማየት አንገቱን ዞር አደረገ። አስፋልቱ ላይ አንድ አህያ ብቻ ነበር። ቦቆሎ ጠባቂዎቹ አዩት፤ «በርቺ» የሚል ድምፅ አልተሰማም። አራት ዓመት ከፊት የሮጠው ከኋላው እሷ ስላለች እንደነበር ያን ጊዜ ቁልጭ ብሎ ታየው። ከኋላው ሰው የሌለ አሯሯጭ ምንድነው? ዝም ብሎ የሚሮጥ ሰው ነው። መንገድ ዳር ተቀምጦ አለቀሰ፤ አላፍርም ብሎ፣ ድምፁን አውጥቶ። ቅናቱ አልወጣለትም፤ ናፍቆቱ ግን በለጠበት።

ተነሥቶ ከነላቡ ነቀምቴ ገባ፤ ቀጥታ ቂርቆስ ሱቅ። ሱቁ ውስጥ ተማሪዎች ተሰልፈዋል። ሰልፉን አልፎ ሄደ፤ መደገፊያ ያለውን ወንበር ትቶ በርጩማዋን ሳበና ተቀመጠባት።

«ቂርቆስ፣ ጥገኛ ብለህ ጻፈኝ።»

ቂርቆስ አልሣቀም። «ተካ…»

«ጻፈኝ አልኩህ። ትልም በለኝ፣ ተከታይም በለኝ፤ የፈለግከውን በለኝ። ብቻ ልሂድ።»

ቂርቆስ ሊከራከረው ፈልጎ ነበር፤ ፊቱን ሲያይ ተወው። አዲስ ፎርም ከፈተ። የተካን ስም ጻፈ፣ የአባቱን፣ የአያቱን። ተካ አንገቱን ደፍቶ እያንዳንዷን ፊደል ይከታተላል። የዋና አመልካቿ ስም ሲል «ፌኔት ጉደታ» አለ ተካ ፈጠን ብሎ፤ ያም ተጻፈ። ከዚያ የቂርቆስ ጣት ቆመ።

«ምነው?» አለ ተካ።

«ዝምድና ይላል። የሷ ፋይል ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ካልሆነ አይቀበልም።» የኮምፒዩተሩን ፊት ቀስ አድርጎ ወደሱ አዞረለት። በአንዱ በኩል የተካ ፎርም ነው፤ በሌላው በኩል የዚያን ዓርብ የተላከው የሷ። ያላገባች ይላል፤ ቂርቆስ እንደተነገረው ነው የጻፈው። «እንደገና ማዘጋጃ ቤት ለመሄድም ሁለታችሁ ጎን ለጎን መቆም አለባችሁ። እሷ ውሏን ጨርሳ ስትመጣ…»

«ሁለት ዓመት ነው እኮ።»

«ሁለት ዓመት ነው።» አለ ቂርቆስ። ሊያሾፍበት አልነበረም፤ ሣጥኑ ባዶ ስለሆነ፣ ባዶውንም ማለፍ ስለማይቻል ነው የጠየቀው። «ምንህ ናት ልበል?»

ተካ አፉን ከፈተ። ባልየው ራሱ ያስጻፈው ቃል ፊቱ ላይ ነበር፤ ያነበዋል፣ ያነበዋል። ከኋላው ፎቶ ኮፒ የምትጠብቅ ተማሪ ትከሻውን ነካ አደረገችው።

«ወንድም፣ ጨርሰሃል?» አለችው።